ከታጠበ በኋላ የተወቀጠ

«አፍህን ክፈት። ሰፋ አድርገው እንጂ። አሁን ምላስህን አንሣ።»

ይህን የምትለው ሚስት ናት፤ የሚታዘዘው ደግሞ አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ባሏ። የባልየው ታላቅ እህት በጓሮ በኩል ባለችው ክፍሏ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ትሰማለች። ሁለቱን ክፍል የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ማን እንዳስነጠሰው፣ ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ ማን አፉን በትራስ አፍኖ እንዳለቀሰ ሁሉን ያሳብቃል። ከዛሬው ጋር ሃያ ሁለት ማለዳ ሆነ። ቅደም ተከተሉን በቃሏ ይዛዋለች፤ መጀመሪያ የቁልፍ ኳኳታ፣ ቀጥሎ የቁም ሣጥኑ በር ሲጥ ማለት፣ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲወርድ፣ ጉሮሮ ሲውጥ፣ ከዚያ ያች ትእዛዝ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከትእዛዙ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። ሰው ምላሱን አንሥቶ እየታየ ምን ሊናገር ይችላል።

ሻይ ልትጠጣ ስትገባ ገና አልጨረሱም። ወንድሟ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን እንደ ጫጩት ከፍቷል። ሚስቱ በስልኳ መብራት እያበራች፣ አውራ ጣቷን ጉንጩ ላይ አስደግፋ፣ ግራና ቀኝ ትመለከታለች። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ዘንድሮ ትምህርቷን የምትጨርሰው ልጃቸው የማታነበውን መጽሐፍ ፊቷ ላይ ጋርዳ ተቀምጣለች። «ይሁን» አለች ሚስትየዋ መብራቱን አጥፍታ። ሰውየው አፉን ገጠመና አገጩን በእጁ አሻሸ።

«እታለም፣ ዛሬም ምላሴ አልፏል» አላት እህቱን ወንበር እየሳበላት። «በዕድሜዬ እንዲህ የቀለለኝ ፈተና የለም።»

ልጅቱ ገጽ ገለጠች። ሚስትየዋ «እትዬ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ» አለችና ስኳሩን አስጠጋች።

ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን መናገር ይገባል። ባሏ የሚጥል ሕመም አለበት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በፈላ ውሃ ላይ ሲወድቅ እጇን ሰድዳ ያወጣችው እሷ ናት፤ የክንዷ ቆዳ እስከ ዛሬ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ነው። መድኃኒቱ ከተስማማው ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቀም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሌሊት ነቅታ ትንፋሹን አላዳመጠችም። እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን ሐኪሙ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይለካ አለ፤ ተለካ፤ ወረቀቱ ማህተም አርፎበት መጣ። ከአሥር እስከ ሃያ ቢሆን ደግ ነው፤ የእሱ ግን ሠላሳ አንድ ሆነ፤ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል። «ከታዘዘልህ በላይ እየዋጥህ ነው» አለው ሐኪሙ። «ይህ ሲበዛ መርዝ ነው። በግማሽ ቀንሼዋለሁ። ከእንግዲህ መድኃኒቱን የቤት ሰው ይያዝልህ።» የቤት ሰው ያዘለት።

በዚያ ምሽት ሰውየው ያልማለው መሐላ አልነበረም። «ከታዘዘልኝ አንዲት ፍሬ ጨምሬ ከሆነ ልጄን አያሳየኝ» አለ። ሚስቱ «ታዲያ ይህ ከሰማይ ወረደ?» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ያን ጊዜ ዞሮ እህቱን አያት። ወረቀቱ የወጣው እሷ ከምትሠራበት የደም መመርመሪያ ቤት ነው። የደሙን ብልቃጥ በእጇ ይዛ የገባችውም እሷ ናት። «እታለም፣ አንቺ እንኳ እመኚኝ።» እሷም በሙሉ አፏ፣ እንዲያውም በትንሽ ኩራት፣ «ወንድምዬ፣ የእኛ ወረቀት አይዋሽም» አለችው። ከዚያ ወዲህ እመኚኝ ብሏት አያውቅም።

የምትሠራበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል። ደረጃውን እየቆጠረች ትወጣለች፤ ስልሳ ስድስት ነው፤ አርባኛው ላይ ታርፋለች። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ብርጭቆ አጣቢ ሆና ነው የገባችው። ዛሬ ግን «እማማ ዘነዘና» ይሏታል፤ ስሙን ያወጡላት ለቀልድ ነበር፣ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች። ነገሩ እንዲህ ነው። በሰው ደም ውስጥ ከሚርመሰመሰው ሁሉ መካከል አንዱን መድኃኒት ለይቶ ለመያዝ፣ ድሮ አንቲቦዲ የሚሉትን ያስመጡ ነበር። መድኃኒቱን ፍየል ወይም ጥንቸል ይወጉታል፤ የእንስሳው ደም መድኃኒቱን እንደ ባላጋራ ይለየዋል፤ ከደሙ ያን የሚለየውን አጣርተው በበረዶ አሽገው ይልኩታል። ከባሕር ማዶ እስኪደርስ በረዶው ይቀልጣል፤ መብራት ሲጠፋ የደረሰውም ይበላሻል። አለቃው፣ ውጭ ተምሮ የመጣ ሰው ነው፣ እንስሳው የሚሠራውን ፕላስቲክ ይሠራዋል ብሎ ተነሣ። መድኃኒቱን ራሱን ከፈሳሽ ጋር ይቀላቅሉታል፤ በሙቀት ሲቆይ ፈሳሹ እንደ መስታወት ይጠነክራል፤ መድኃኒቱም ውስጡ ታቅፎ ይቀራል። እሷ ያን ትወቅጣለች፣ በወንፊት ትነፋለች፣ ከዚያ አቼቶ በሚሸት አልኮል ታጥባለች። መድኃኒቱ ታጥቦ ሲወጣ ቦታው ባዶውን ይቀራል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ እንደ ታተመ ኮቴ። በኋላ የሰው ደም ሲፈስበት፣ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት የገዛ ኮቴውን ያገኝና ይቀመጣል። ሌላው ሁሉ ያልፋል። የተቀመጠውን አስለቅቀው በማሽን ይቆጥሩታል።

እጥበቱ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጃል። የአሥራ ሁለተኛው እጣቢ ማሽን ውስጥ ይገባና፣ በማሽኑ መስኮት ላይ ያለው መስመር እንደ ሜዳ ዝርግ ከሆነ ዱቄቱ ጠርቷል ይባላል። ያን ጊዜ እሷና ሁለት ዲግሪ ያላት ኬሚስት አንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ይፈርማሉ፤ ጠርሙሱም ቁጥር ይሰጠዋል። ፊርማዋ ሦስት ፊደል ናት፣ ሦስተኛዋ ሁልጊዜ ትዘማለች። ስንት ጊዜ ያን መዝገብ በእጇ መዳፍ ዳብሳ እንዳለፈች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በዚህ በሃያ ሁለተኛው ጠዋት ቤቱ ሽር ጉድ ይላል። የበረዶ ሣጥኑ ቀርቶ በአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች ሁሉ በዚህ ዱቄት እንዲሠሩ ወይስ እንዳይሠሩ የሚወስኑ እንግዶች ይመጣሉ። ወለሉ ታጥቧል፤ አለቃው ከረባት አስሯል። ኬሚስቷ፣ በመነጽሯ ምክንያት መነጽሬ የሚሏት፣ እናቷን ልታስታምም ሄዳ ከወር በኋላ የተመለሰችው በዚያው ጠዋት ነው። እንደ ልማዷ የማንም ደም ሳትነካ በፊት ባዶ ውሃ በዱቄቱ ውስጥ አሳልፋ ማሽኑን ፈተነችው። እሷ በሌለችበት ወር ይህን የሠራ አልነበረም።

«እማማ፣ ነይ እስቲ እይልኝ። ዓይኔ ነው ወይስ ማሽኑ?»

ሜዳ መሆን በነበረበት መስመር ላይ ጉብታ ቆሟል። ትንሽ ጉብታ አይደለም፤ ደህና አድርጎ የቆመ፣ ልክ የመድኃኒቱ ቦታ ላይ። ማሽኑ አሥራ አራት ይላል።

«ምን አስገብተሽበት ነው?»

«ውሃ። የተጣራ ውሃ። ውሃው ሐኪም ቤት ሄዶ መድኃኒት ታዞለት ካልሆነ በቀር።» መነጽሬ ሳቀች፤ ብቻዋን እንደሳቀች ስታይ ተወችው።

ቱቦውን አጥበው ደገሙት፤ አሥራ አራት። ጠርሙስ ቁጥር ስምንትን አውጥተው ሞከሩት፤ ዝርግ ሜዳ። በሥራ ላይ ወዳለው ወደ ዘጠነኛው ጠርሙስ ተመለሱ፤ አሥራ አራት። መነጽሬ መዝገቡን ገለጠች። «አሥራ ሁለት እጥበት። ጠርቷል። ፊርማዬ ይኸው፣ ፊርማሽም ይኸው። ታዲያ ይህ ጉድ ከየት መጣ?»

እማማ ዘነዘና መዝገቡ ላይ አጎነበሰች። ከራሷ ቀድሞ ያስታወሰው እጇ ነው። የቀኝ መዳፏ ላይ የዘነዘናው ክብደት መጣ። መነጽሬ በሄደች በሦስተኛው ቀን፣ የዘጠነኛው ጠርሙስ ዱቄት ሻካራ ሆኖ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች እየዘጋ አስቸግሮ ነበር። አለቃው ደም የሞላበት መደርደሪያ እያሳየ «እማማ፣ ትንሽ ውቀጥ ውቀጥ ያድርጉትና እንሥራ» አላት። «ከታጠበ በኋላ?» ብላው ነበር። «አምስት ደቂቃ ብቻ።» ወቀጠችው። መጀመሪያ በሥራው የገባች ቀን መነጽሬ ያስተማረቻት አንዲት ሕግ ነበረች፤ ወቅጠሽ ታጥቢያለሽ እንጂ አጥበሽ አትወቅጪም። መድኃኒቱ በእያንዳንዷ የዱቄት ፍሬ ገላ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፣ ልቧም ውስጥ ነው። አልኮሉ ልቧ ድረስ አይዘልቅም። ፍሬዋ እስካልተሰበረች ድረስ የልቧን በልቧ ይዛ ትቀመጣለች፣ ማንንም አትጎዳም። ከሰበርሻት ግን ያልታጠበውን ታወጣዋለች። እንደ ስሟ የምታውቀው ሕግ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እሷ በሮጠችው ሩጫ ሰው እየታሰረ መሆኑን ግን ማን ነገራት።

አራት ሰዓት ነበር። ያኔውኑ ልትናገር ይገባት ነበር። ግን ጡረታዋ አንድ ዓመት ተኩል ቀርቶታል፤ ከዚህች ክፍል፣ ከዚህ ወንበር፣ ከዚያ መዝገብ ውጭ ቤት የላትም። እጇን ታጠበች። ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና አጠበችው። እንግዶቹ ገቡ፤ አለቃው እሷን በእጁ እያመለከተ «ይህቺ እናታችን ናት፣ ያለ እሷ እጅ ዱቄቱ ዱቄት አይሆንም» ሲል አጎነበሰችላቸው። የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ በዕቃዋ የያዘችውን ዳቦ ከፈተችው። ጠዋት ወንድሟ የቆረሰላት ነው። ቅርፊቱን ወዳድ መሆኗን ያውቃል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅርፊቱን ለእሷ ይተዋል። ቅርፊቱን ሳትነካ ጠቅልላ መለሰችው።

ሰባት ሰዓት ላይ መነጽሬ አጠገብ ሄዳ ቆመች። «እኔ ነኝ» አለቻት። «ከታጠበ በኋላ ወቅጬዋለሁ።»

መነጽሬ መነጽሯን አወለቀች። «ስንት ደቂቃ?»

«አምስት።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀል ነበር። የውጤቱን መዝገብ አወጣች። በዘጠነኛው ጠርሙስ የተለኩ አርባ አንድ ሰዎች ናቸው። ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው፤ የስሙ ዝርዝር ያለው በአለቃው መሳቢያ ውስጥ ነው። አንዱን ቁጥር ግን እማማ ዘነዘና ታውቀዋለች። ጣቷን ሃያ ሰባት ቁጥር ላይ አሳረፈች። «ይህ ወንድሜ ነው።» መነጽሬ በእርሳስ ቀነሰች፤ ሠላሳ አንድ፣ ሲቀነስ አሥራ አራት። «አሥራ ሰባት። ደህና ነበር፣ እማማ። የታዘዘለትን ነው የዋጠው። አንዲት ፍሬ አልጨመረም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን በግማሽ ነው ያለው? ሥራው ምንድነው?» አለቻት።

«ማተሚያ ቤት ነው። ወረቀት የሚቆርጠው ማሽን ላይ።»

አለቃው ከእንግዶቹ ጋር በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ሁለቱ ሴቶች ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፣ የሲኒ ድምፅ ይሰማል። መነጽሬ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ሁለት ጊዜ «ትንሽ ቆዩ» ተባሉ። ወንድሟ ሥራ ላይ ሳለ ስልኩን ልብስ መቀየሪያው ሣጥን ውስጥ እንደሚተወው ታውቃለች፤ ቢሆንም ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ተነሥታ ልትሮጥ አሰበች፤ ግን ምን ይዛ ትሄዳለች። ሐኪም ያላዘዘውን፣ ማህተም የሌለውን፣ የብርጭቆ አጣቢ ቃል ይዛ? ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ተኩል ሲል በሩ ተከፈተ።

አለቃው ነገሩን ቆሞ ሰማው። ከዚያ በሩን ዘጋ፣ ከረባቱን አላላ። «እንግዶቹ ነገ ይፈርማሉ» አለ። «ዛሬ ይህ ከተሰማ ወደ በረዶው ሣጥን እንመለሳለን። ያን ጊዜ ደግሞ ጨርሶ የማይለካ ስንት ሕመምተኛ አለ። ጠርሙሱን አስወግዱት። ሰዎቹ በሚቀጥለው ሲለኩ በሌላ ጠርሙስ ራሱ ይስተካከላል።»

«በሚቀጥለው ማለት መቼ?» አለች መነጽሬ። «ሦስት ወር? በውሸት ቁጥር መድኃኒት ተቀንሶባቸው ሦስት ወር?»

«ውሸት አትበይ። ስህተት በይ።»

«አንደኛው ወንድሜ ነው» አለች እማማ ዘነዘና።

አለቃው ፊቱን መለሰ። እውነት ለመናገር ደነገጠ፤ ድንጋጤው የሰው ድንጋጤ ነበር። «ታዲያ ይህን አስቀድመው አይሉም» ብሎ ስልኩን አነሣ። ቁጥሩን ሳይነካ ግን መልሶ አስቀመጠው። መዝገቡን ሳበና በገዛ እጁ አንድ መስመር ጻፈበት። ጠርሙስ ቁጥር ዘጠኝ ወድቆ ተሰብሮ ተወግዷል ይላል፤ ቀኑ የመጀመሪያው ሰው ከመለካቱ በፊት ያለው ቀን ነው። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ከዚያ ለሐኪሙ እደውላለሁ።»

«ትንሽ ውቀጥ ያድርጉት ያሉኝ እርስዎ ነበሩ።»

«እኔ ብያለሁ» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «እጁ የማን ነበር?»

ብዕሩን ተቀበለች። ሦስቱን ፊደሎች ጻፈቻቸው፤ ሦስተኛዋ እንደ ወትሮዋ ዘመመች። መነጽሬ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። አለቃው ደወለ። «የጽሕፈት ስህተት ነው፣ ዶክተር። አሥራ ሰባት የነበረው ሠላሳ አንድ ተብሎ ተጽፏል… አዎ፣ ወደ ቀድሞው ይመለስ… እኛም ጽሕፈት ላይ እንደ እናንተው ነን» ብሎ ሳቀ። በስልኩ ወዲያ ያለውም ሳቀ መሰለኝ፤ አለቃው ትንሽ ቆይቶ እንደገና ስቋልና። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከአራት ሰዓት ጀምሮ የጠበቀችው ይህንኑ ሁለት ደቂቃ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ደረሰች። የቀለምና የትኩስ ሙጫ ሽታ በሩ ላይ ተቀበላት። መቁረጫው ማሽን ቆሟል፤ ከሥሩ ወለሉ ላይ አዲስ ሰጋቱራ ተበትኖበታል። ከማሽኑ ጎን ያለው ሽማግሌ ጠራዥ ገና ሳትጠይቀው ለያት። «እህቱ ነሽ አይደል? ፊታችሁ አንድ ነው። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም።

«ሰባት ተኩል ላይ ነው። ዓይኑ አንድ ቦታ ሲተከል አየሁት። እጁ ከቢላው ሥር ነበር። በወገቡ ይዤ ሳብኩት፣ አብረን ወደቅን። ቢላው የበላው ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ተመስገን በይ።» ከዚያ የወንድሟን ኮት ከሚስማሩ አወረደ። «ኃላፊው ግን ከእንግዲህ አይምጣ ብሏል። ሁለት ዓመት ጤነኛ ነኝ ብሎ አታሎኛል ነው የሚለው። አላታለለም፣ አይደል?»

«አላታለለም።»

«እኔም ብያለሁ። ማን ይሰማኛል።» ኮቱንና የምሳ ዕቃውን በላስቲክ አድርጎ ሰጣት። የምሳ ዕቃው አልተከፈተም።

መንገድ ላይ በልቧ ሰዓት ትቆጥር ነበር። አራት ሰዓት ላይ ብትናገር፣ በአምስት ማተሚያ ቤቱ ትደርሳለች፤ ከማሽኑ አጠገብ «ተነሥ፣ ወንድሜ፣ እንሂድ» ትለዋለች። ሕመሙ ይመጣ እንደሆነ ይምጣ፣ ሜዳ ላይ፣ በጎኑ ተኝቶ፣ ማንም ኃላፊ ሳያየው ይመጣ ነበር። የቀረችው ለጡረታዋ ብላ ነው። ጡረታዋ ከነመዝገቡ ድኗል።

ቤት ስትገባ ወንድሟ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ፋሻ አለ። እንዲህ ከወደቀ በኋላ ለሰዓታት የሚይዘው ዓይን፣ ሰውን እያየ የሚፈልግ ዓይን፣ ወደ እሷ ዞሮ ትንሽ ቆየና አወቃት። ልጅቱ እግሩ ሥር ተቀምጣ መዳፉን ይዛለች። ሚስትየዋ መሃል ወለሉ ላይ ቆማለች፤ ስልኩ በእጇ ነው።

«ሐኪሙ ደወለልኝ» አለች። «የጽሕፈት ስህተት ነው አለኝ። ወደ ቀድሞው መልሺው አለኝ። እትዬ፣ እርስዎ እዚያ ነዎት። ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው?»

እማማ ዘነዘና ላስቲኩን መሬት አስቀመጠች። በመንገድ ላይ «አዎ፣ ጽሕፈት ነው» የሚለውን ቃል ተለማምዳው ነበር። አልወጣላትም። «ጽሕፈት አይደለም። እኔ ነኝ» አለች። ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ፍሬዋ ልብ፣ ስለ አምስት ደቂቃው ተናገረች። ስለ ፊርማው ግን አልተናገረችም።

«ማህተም ያለበት ወረቀት ባልሽ ውሸታም ነው አለኝ» አለች ሚስትየዋ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታስረዳ። «ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ሌባ ፈተሽኩት። በልጁ ፊት ፈተሽኩት። አሁን ማህተም የሌለው ወሬ እውነተኛ ነበር ይለኛል። እኔ የቱን ይዤ ይቅርታ ልጠይቀው?» ክሩን ከአንገቷ ልታወጣ ስትስበው ጸጉሯ ላይ ተጠላለፈ። ታግላ ታግላ በጠሰችው።

ወንድምየው ተነፈሰ። ምላሱ አብጦ ቃሉ ይወላገዳል። «እታለም፤ እኔ ብቻ ነኝ?»

«አርባ ሌሎች አሉ።»

«ተነገራቸው?»

ወለሉን አየች። እሱም ሌላ አልጠየቀም። ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ ወለሉን ስታይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በአለቃው መሳቢያ ውስጥ የቀረው የስም ዝርዝር ትዝ አላት። ሠላሳ አራት ቁጥር ማነው? ወንድ ነው ሴት? ማሽን ላይ ነው የሚሠራው፣ መኪና ይነዳል፣ ልጅ ታቅፋ ደረጃ ትወርዳለች? ቁልፉን በአንገቱ ያንጠለጠለበት ማነው?

ሚስትየዋ ቁም ሣጥኑን ከፍታ እንደ ቀድሞው ሁለት ፍሬ አወጣች። ውሃ ቀዳች። ብርጭቆውንና ፍሬዎቹን ለእህቱ አቀበለቻት፤ እማማ ዘነዘናም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በመዳፏ አቀረበችለት። አንድ በአንድ ዋጣቸው፤ ሁለተኛዋ ስታልፍ ፊቱን አጨማደደ። ብርጭቆውን መለሰላት። ከዚያ ማንም ምንም ሳይለው፣ መስኮቱ ወዳለበት ዞር አለና፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ከፈተ፤ ምላሱንም አነሣ። የምላሱ ግራ ጎን ጠቁሮ አብጧል፤ የራሱ ጥርሶች የገቡበት ቦታ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«አባዬ፣ ተው» አለች ልጅቱ።

«ወንድምዬ» አለች እህቱ። «በቃ። ዝጋው።»

አልዘጋውም። ግራና ቀኙን እስክታይለት ድረስ ጠበቃት።